የሞንትጎመሪ ካውንቲ የንብረት ግብር ለምን ይህን ያህል ጨመረ? ምንስ ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፣ ከዊተን ነዋሪ

ለተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔና ባለቤቴ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ዊተን አካባቢ ታውንሃውስ የገዛነው በ2023 ነው። ቤቱ ለሽያጭ ሲቀርብ በማስታወቂያው ላይ የሰፈረውን የዓመት ግብር ከሞርጌጁና ከመድን ክፍያው ጋር ደምረን፣ አቅማችን እንደሚፈቅድ አይተን ነው ውሉን የፈረምነው። ወለዱ ለሠላሳ ዓመት የማይለዋወጥ ስለሆነ ወርሃዊ ክፍያውም በዚያው ይጸናል ተብሎ ነበር የተነገረን። ዘንድሮ ግን አበዳሪው ድርጅት በኤስክሮው ሒሳባችን ላይ (አበዳሪው ግብሩንና መድኑን እንዲከፍልልን በየወሩ ገንዘብ የምናስገባበት ሒሳብ ነው) ጉድለት እንዳለ የሚገልጽ ደብዳቤ ላከልን። ያለፈውን ጉድለት በአሥራ ሁለት ወር ከፋፍሎ፣ የመጪውንም ዓመት ጭማሪ አክሎ፣ ወርሃዊ ክፍያችንን በ190 ዶላር ከፍ አድርጎታል።

ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት፤ እኔ ሾፌር ነኝ። የቤታችሁ ዋጋ ጨምሯል መባሉ ለእኛ የወረቀት ሀብት ነው፤ ቤቱን ካልሸጥነው በስተቀር ሳንቲም አናገኝበትም፤ ግብሩ ግን ከዛሬው ደመወዛችን ላይ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። ከዚያው ደመወዝ ላይ ደግሞ ካውንቲው 3.2 በመቶ የገቢ ግብር ይወስዳል። የካውንቲው የ2026 በጀት ዓመት ወጪ 7.6 ቢሊዮን ዶላር መሆኑን ሳነብ ይህ ሁሉ ገንዘብ የት እንደሚገባ መጠየቅ መብቴ መስሎ ታየኝ። ጭማሪው በሕግ የተቀመጠ ጣሪያ የለውም ወይ? ግምቱንስ መቃወም ይቻላል? በጉዳዩ ላይ የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1፣ ከግብር ሒሳብ ባለሙያ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስ። ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብዎት፣ ግብሩን የሚወስኑት ሁለት የተለያዩ አካላት መሆናቸውን ነው። የቤቱን ዋጋ የሚገምተው ካውንቲው ሳይሆን የሜሪላንድ ስቴት የንብረት ግምትና ግብር መሥሪያ ቤት ነው፤ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ግምት ላይ ስንት ሳንቲም ይከፈል የሚለውን ተመን ደግሞ የካውንቲው ምክር ቤት በየዓመቱ ይወስናል። ስቴቱም ከ100 ዶላር ላይ 11.2 ሳንቲም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ምክር ቤቱ ተመኑን ባይነካው እንኳ ግምቱ ከፍ ሲል ሒሳቡ ከፍ ይላል። «ተመን አልጨመርንም» የሚለው የባለሥልጣናት አነጋገር እውነት ሆኖ ሳለ እርስዎ ግን ብዙ የሚከፍሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስቴቱ እያንዳንዱን ቤት የሚገምተው በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ቤቱ ስለተሸጠ ብቻ አዲስ ግምት አይወጣለትም። ስለዚህ በሽያጭ ማስታወቂያው ላይ ያዩት ግብር ምናልባት ገበያው ከመወደዱ በፊት በተሰጠ ግምት ላይ የተሰላ ነው። በዚያ ላይ ሻጩ በዕድሜያቸው ወይም በገቢያቸው ማነስ ምክንያት ቅናሽ ያገኙ ከነበረ፣ ያ ቅናሽ ለባለቤቱ የተሰጠ እንጂ ለቤቱ የተሰጠ ስላልሆነ ወደ እርስዎ አይተላለፍም። ቤት ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ በማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ትታችሁ በምትገዙበት ዋጋ ላይ የዛሬውን ተመን አባዝታችሁ እንድታዩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጣሪያን በተመለከተ፣ ሆምስቴድ የሚባል ቅናሽ አለ። ለሚኖሩበት ቤት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ በሞንትጎመሪ ግብር የሚከፈልበት ግምት በአንድ ዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ያግዳል። ችግሩ ግን ሦስት ዓመቱን ቆይቶ የሚመጣው ጭማሪ በሦስት እኩል ዓመታት ተከፋፍሎ መጣሉ ነው። ለምሳሌ 480,000 ዶላር ተገምቶ የነበረ ቤት 576,000 ዶላር ቢባል ጭማሪው 20 በመቶ ነው፤ በየዓመቱ የሚታከለው ግን 32,000 ዶላር፣ ማለትም 7 በመቶ የማይሞላ ስለሆነ ሆምስቴዱ ምንም አያግድም። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ግን ባለቤቱ ከበፊቱ ከ1,000 ዶላር በላይ አስበልጦ ይከፍላል። ጎረቤታችን ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ጣሪያውን ቢበዛ 5 በመቶ ላይ አስቀምጧል። በእኔ አስተያየት የሞንትጎመሪው 10 በመቶ ለሠራተኛ ቤተሰብ የረባ ጥበቃ አይደለም፤ ቅሬታችንን ማሰማት ያለብንም በመጀመሪያ በዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኤስክሮው ደብዳቤው ግብርንና የቤት መድንን አንድ ላይ ስለሚደምር ዝርዝሩን ለያይተው ይመልከቱ። 190 ዶላሩ ሁሉ ግብር ላይሆን ይችላል።

መልስ 2፣ ከነባር የቤት ባለቤት

ወንድማችን በሰጡት ማብራሪያ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ ነገር ግን ጉዳዩን የግምት ጉዳይ ብቻ አድርገን ካየነው ካውንቲው ከተጠያቂነት ያመልጣል። በ2020 የካውንቲው መራጭ ቻርተሩን፣ ማለትም የካውንቲውን መተዳደሪያ ሕግ፣ አሻሽሎ፣ አማካይ የግብር ተመኑ ካለፈው ዓመት በላይ ከፍ እንዲል ከተፈለገ የምክር ቤቱ አባላት በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ መስማማት እንዳለባቸው ደነገገ። በ2023 የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ማርክ ኤልሪች ከ100 ዶላር ላይ 10 ሳንቲም ጭማሪ ጠየቁ፤ ምክር ቤቱ ወደ 4.7 ሳንቲም ዝቅ አድርጎ አጸደቀው። የጸደቀው ግን ለትምህርት ቤቶች የሚውል ተጨማሪ ግብርን ከካውንቲ ቻርተር ገደብ ውጭ በሚያደርግ የስቴት ሕግ አማካይነት ነበር። ሕጋዊ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን መራጩ በፊት በር የዘጋውን በጓሮ በር ማስገባት እምነት ያጎድላል፤ እኔም እንደ አንድ መራጭ ድምፄ እንደተናቀ ይሰማኛል።

ወጪውን በተመለከተ አንድ ማሳያ ልጥቀስ። የካውንቲው ዋና ኢንስፔክተር በ2024 ባወጣው ሪፖርት የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር 326 የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችን ለማግኘት የገባውን ውል በአግባቡ አለማስፈጸሙን፣ አውቶቡሶቹ በጊዜያቸው ባለመድረሳቸውም ሚሊዮኖች ዶላር ተጨማሪ አውጥቶ የናፍጣ አውቶቡሶች መግዛቱን ገልጿል። አቅራቢው ሲዘገይ መከፈል የነበረበት ቅጣት እንኳ አልተጠየቀም። ከእኔ ቤት ግብሩ በአንድ ቀን ቢዘገይ ወለድና ቅጣት ይታከልበታል፤ ሚሊዮኖች የሚያዝበት አስተዳደር ግን ውሉ ላይ የተጻፈ መብቱን አይጠይቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ የግብሩ መጠን ብቻ አይደለም፤ የሚከፍለውና የሚያወጣው ሰው የሚመዘኑበት ሚዛን መለያየቱ ነው። ግብር አንከፍልም የሚል ወገን የለንም። የጠየቅነው ገንዘባችን እንደ ገንዘብ እንዲታይ ነው።

መልስ 3፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እናት

አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከእኔ በፊት በጻፉት በጋሼ ሐሳብ ላይ በከፊል አልስማማም። ከካውንቲው የሥራ ማስኬጃ በጀት ግማሽ ያህሉ የሚሄደው 160,000 ገደማ ተማሪዎችን ለሚያስተምሩት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው የመምህራንና የሠራተኞች ደመወዝና ጥቅማጥቅም ነው። የስቴቱ ሕግም ካውንቲው ለአንድ ተማሪ የሚመድበውን ገንዘብ ካለፈው ዓመት በታች እንዳያወርድ ያስገድደዋል። ስለዚህ «ወጪ ቀንሱ» ስንል መቀነስ የሚቻለው ከሌላው ግማሽ፣ ማለትም ከእሳት አደጋ፣ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከአውቶቡስና ከጤና አገልግሎት መሆኑን ማወቅ አለብን።

እኔ ወደዚህ ካውንቲ የመጣሁት ስለ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ብዙዎቻችሁም እንደዚያው። ትልቁ ልጄ ከአዲስ አበባ በመጣ ጊዜ እንግሊዝኛ በቅጡ አይናገርም ነበር። ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች የተመደበችው መምህሩ በየቀኑ ከክፍሉ አውጥታ ከጥቂት ልጆች ጋር ታስተምረው ነበር። ከትምህርት ቤቱ የሚላከው ደብዳቤ በአማርኛ ተተርጉሞ ስለሚመጣ እናቴ እንኳ አንብባ ትረዳ ነበር። ያች መምህርትም ሆነች ያ ተርጓሚ የሚከፈላቸው ከዚሁ ግብር ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ከህሊናዬ ጋር እጣላለሁ።

በአውቶቡሶቹ ነገር ግን ጋሼ ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። ለትምህርት ተብሎ የተሰበሰበ ገንዘብ በአስተዳደር ቸልተኝነት ሲባክን ከማንም በላይ የሚጎዱት ልጆቻችን ናቸው፤ ይህን መናገር ያለብንም የትምህርት ቤቱ ደጋፊ የሆንን ወላጆች ነን። ሌላው ደግሞ፣ ግብሩ ሲበዛብን «ቨርጂኒያ እንሂድ» የምንል ወገኖች እዚያ ያለውን ሒሳብ በሙሉ እንይ። ፌርፋክስ ካውንቲ የራሱ የገቢ ግብር ባይኖረውም ቤት የሚገምተው በየዓመቱ ነው፣ በመኪና ላይም በየዓመቱ ግብር ያስከፍላል።

ጠያቂው እንደገና

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ ስለ ትምህርት ቤቱ የተናገሩት እውነት ነው፤ ልጃችን መዋዕለ ሕፃናት ሊገባ ነው። ደብዳቤውን ለያይቼ ሳየው ከጭማሪው አራት እጅ ሦስቱ ግብር፣ ቀሪው መድን ሆኖ አገኘሁት። በስቴቱ የግምት መዝገብ ላይ ግን ምድር ቤታችን (ቤዝመንቱ) የተጠናቀቀና ለመኖሪያ የተዘጋጀ ተብሎ ሰፍሯል፤ እውነታው ግን ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ያልተለሰነ ብሎክ ነው። የግምት ማስታወቂያው ከመጣ ደግሞ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ጊዜው አልፎብናል ማለት ነው?

መልስ 4፣ ከግብር ሒሳብ ባለሙያው

አላለፈብዎትም። የግምት ማስታወቂያ ሲደርስ ይግባኝ የሚባለው በ45 ቀን ውስጥ ነው፤ ነገር ግን የግምት ዓመትዎ ባልሆነ ጊዜም ለመጪው ዓመት እንደገና እንዲታይልዎ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ለዚህ የተወሰነው የመጨረሻ ቀን ከጃንዋሪ 1 ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው የሥራ ቀን ስለሆነ ከበዓላቱ በፊት ይላኩት። የመጀመሪያው ደረጃ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ በጽሑፍ፣ በስልክ ወይም በአካል ቀርቦ ማስረዳት ይቻላል። ውሳኔው ካላረካዎ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ፣ ከዚያም ወደ ሜሪላንድ የግብር ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ሲያስረዱ ግን «ግብሩ በዝቶብኛል፣ ገቢዬ አይችልም» ብለው አይከራከሩ፤ ገምጋሚው የሚመለከተው የቤቱን ዋጋ ብቻ ነው። የምድር ቤቱን ፎቶግራፍ ከአራቱም ማዕዘን ያንሱ፣ ቤቱን ሲገዙ የተሠራው የቴክኒክ ምርመራ ሪፖርት ካለዎት የምድር ቤቱን ገጽ ያያይዙ፤ በሰፈርዎ በቅርቡ የተሸጡ፣ በስፋትና በመታጠቢያ ክፍል ብዛት ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰሉ የሦስት ወይም የአራት ቤቶችን የሽያጭ ዋጋም አብረው ያቅርቡ። በመዝገቡ ላይ ያለ የተሳሳተ ዝርዝር ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ይረዳዎታል።

መዝገቡን ከከፈቱ አይቀር ወደ ታች ወርደው የሆምስቴድ ማመልከቻ የሚለውን መስመር ያንብቡ። «ማመልከቻ የለም» የሚል ከሆነ ዛሬውኑ ይሙሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላ ነው። ካውንቲው በሚኖርበት ቤት ላለ ባለቤት የሚሰጠው፣ ለብዙ ዓመታት 692 ዶላር ሆኖ የቆየው ቅናሽም በግብር ወረቀትዎ ላይ መታየቱን ያረጋግጡ። ከዚያ በታች የሚዘረዘሩት የቆሻሻ ማንሻና የውኃ ጥራት ክፍያዎች በቤቱ ዋጋ ላይ የተመሠረቱ ስላልሆኑ በይግባኝ አይቀነሱም።

ስለ ወጪው ያነሳችሁት ደግሞ የሚሰማበት ጊዜ አለው። ሥራ አስፈጻሚው የበጀት ረቂቁን እስከ ማርች 15 ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ በኤፕሪል የሕዝብ አስተያየት ይደመጣል፤ በሜይ መጨረሻ በጀቱ ይጸድቃል፤ ከጁላይ 1 ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላል። ብዙ ወገኖቻችን የሚቆጡት የግብር ወረቀቱ በጁላይ ፖስታ ሣጥናቸው ሲገባ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሚለወጥ ነገር የለም። አስተያየት ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም፤ አስቀድሞ ተመዝግቦ የምክር ቤቱ መቀመጫ በሆነው ሮክቪል በአካል መቅረብ ወይም በጽሑፍ መላክ ይቻላል። ጋሼ የሆምስቴዱን ጣሪያና የአውቶቡሱን ውል፣ እህታችን የመምህራኑን ነገር ይዘው አብረው ቢቀርቡ እኔም ቁጥሮቹን አዘጋጅቼ ለመገኘት ፈቃደኛ ነኝ።

በመጨረሻም ዓመታዊ ጠቅላላ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር የማይበልጥ፣ ከቤታቸውና ከጡረታ ቁጠባቸው ውጭ ያላቸው ሀብትም 200,000 ዶላር የማይደርስ ወላጆች ያሏችሁ፣ ስቴቱ በገቢ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠውን የቤት ባለቤቶች ቅናሽ እንዲጠይቁ እርዷቸው። ይህኛው በየዓመቱ የሚሞላ ሲሆን የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 1 ነው፤ እስከ ኤፕሪል 15 ካመለከቱ ግን ቅናሹ በጁላይ በሚመጣው የግብር ወረቀት ላይ ተቀንሶ ይደርሳቸዋል።