ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ «አሞንግ አስ» ስንመለስ የድሮው ጨዋታ ለምን አልመጣልንም?

ጥያቄ፤ ከፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ዕቃዬን ሸክፌ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ። ሁለቱ ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ የአክስቴ ልጆችና ከአጥር ወዲያ ያሉት የጎረቤት ልጆች ተጨምረው ስምንት ሆንን፤ ከክረምቱ መጨረሻ አንሥቶ ትምህርት እስኪከፈት ድረስም ማታ ማታ በእናታችን ሳሎን ተሰብስበን «አሞንግ አስ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ እንጫወት ነበር። ኢንተርኔት አያስፈልገንም፤ ታላቅ ወንድሜ ሆትስፖት ይከፍታል፣ እኛ በዋይፋይ እንገባለን፣ ከዚያ እያንዳንዱ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ጎረቤቱ እንዳያይበት እየተጠነቀቀ ይጫወታል። ለማያውቀው ለመግለጽ ያህል፣ የጠፈር መርከብ ሠራተኞች የታዘዙትን ሥራ እየተዘዋወሩ ይሠራሉ፤ ከመካከላቸው የተደበቀ አንድ ወይም ሁለት አስመሳይ፣ እኛ ኢምፖስተር የምንለው፣ አድፍጦ ይገድላቸዋል፤ ሬሳ በተገኘ ቁጥር ሁሉም ይሰበሰብና ተከራክሮ አንዱን በድምፅ ያስወጣል።

የትንሹ ወንድሜ ስልክ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ስለነበረ አድሚን በሚባለው ክፍል ያለውን ካርድ የማንሸራተት ሥራ መጨረስ አይችልም ነበር። ጣቱ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ካርዱ ይቆማል፤ እርሱ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ እኛ ደግሞ «ይህን ሁሉ ጊዜ አድሚን ውስጥ ምን ትሠራለህ?» እያልን እናስወጣዋለን። በዚያ ክረምት ንጹሕ ሆኖ ሳለ ስንት ጊዜ እንደ ፈረድንበት አልቆጠርሁትም። እርሱ ሲያኮርፍ እናታችን ከጓዳ ብቅ ብላ «ልጄን ምን አደረጋችሁት?» ትለን ነበር።

ባለፈው ፋሲካ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሁላችንም አንድ ላይ ስለተገኘን ጨዋታውን እንደገና ጫንነው። የመጣልን ግን ሌላ ነገር ነው። አካውንት ክፈቱ ይላል፣ የልብስና የባርኔጣ ሱቅ ተከፍቶበታል፣ መሐንዲስና ሳይንቲስት የሚባሉ የማናውቃቸው ሚናዎች ገብተውበታል፣ ካርታውም የእንጉዳይ ጫካ ሆኗል። በኢንተርኔት ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ብንገባ አንዱ ሳይናገር ይወጣል፣ ሌላው ያለ ምክንያት ያስወጣናል። ሦስት ዙር ያህል ከሞከርን በኋላ እያንዳንዳችን ወደየስልካችን ቪዲዮ ተመለስንና ትንሹ ወንድሜ «ድሮ ነበር የሚጣፍጠው» ብሎ ተነሣ። ያን ማታ በጣም ከፋኝ። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ እንሰበሰባለን፤ የተለወጠው ጨዋታው ነው ወይስ እኛ? እንደገና መሞከር ይገባል ትላላችሁ? የሞከራችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፤ ከቡሬ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ነገር እኔም የደረሰብኝ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ። ጨዋታው በእርግጥ ተለውጧል። ኢነርስሎዝ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በፈረንጆች 2018 ሲያወጣው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ መጀመሪያም የተሠራው በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ዋይፋይ ለሚጫወቱ ሰዎች ነው። የኢንተርኔቱ በኋላ የተጨመረ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ብዙም ሰው ሳያውቀው ቆይቶ በ2020 ዓለም ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ገነነ። እነርሱም ሁለተኛ ክፍል እንሠራለን ብለው ካወጁ በኋላ ሐሳባቸውን ትተው ያንኑ አሮጌውን ማሻሻል መረጡ፤ በ2021 አራተኛው ካርታ መጣ፣ የተጫዋቾቹ ቁጥር ከ10 ወደ 15 ከፍ አለ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሚናዎቹና ሱቁ ገቡ፤ ያ የእንጉዳይ ጫካ ያልሽው ካርታ ደግሞ የ2023 ነው። ስለዚህ አምስት ዓመት ርቆ የተመለሰ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ነገር ግን የድሮው ከውስጡ አልወጣም። በ2016 ዓ.ም. እዚህ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እኛ ጓደኛሞቹ የምንገናኝበት ሌላ መንገድ ስላልነበረን ከሥራ በኋላ በአንዳችን ቤት እየተሰበሰብን በሆትስፖት እንጫወት ነበርና ደጋግሜ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። በኢንተርኔት የሚጫወቱበትን ተዪውና በአካባቢ፣ ማለትም ሎካል በሚለው ግቡ። ክፍሉን የከፈተው ሰው ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ የሚናዎቹን ቁጥር ሁሉ ዜሮ ያድርግ፤ ካርታውን ወደ መጀመሪያው መርከብ፣ ወደ ስኬልድ ይመልስ። ለስድስት ሰው አንድ ኢምፖስተር፣ ለስምንት ሁለት ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን የሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት ቨርዥን መያዙን አረጋግጡ፤ አንዱ አፕዴት አድርጎ ሌላው ካላደረገ ክፍሉ ውስጥ አይተያዩም፤ እኛ አንድ ምሽት ሙሉ በዚህ አቃጥለናል። አንድ ሕግ ደግሞ ጨምሩ፦ ሬሳ እስኪገኝ ድረስ ማንም ቃል አይተንፍስ። ፋሲካ ላይ ጨዋታው የላላባችሁ ይህን ረስታችሁት ይመስለኛል።

መልስ፤ ከደብረ ማርቆስ

የቡሬው ወንድማችን የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም እኔ «ወይስ እኛ?» ወደሚለው ጥያቄ ልመለስ እወዳለሁ።

ይህ ጨዋታ መሠረቱ አዲስ አይደለም። ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የተባለ የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተማሪ በፈረንጆች 1986 «ማፊያ» የተባለውን የስብሰባ ጨዋታ ፈጠረ፤ የዚህ ሁሉ አባት እርሱ ነው። ጥቂት የሚያውቁ ሰዎች በብዙ የማያውቁ ሰዎች መካከል ተደብቀው ይዋሻሉ፤ ብዙኃኑ ደግሞ ከንግግርና ከፊት ገጽታ በቀር ምንም ማስረጃ ሳይኖራቸው ይፈርዳሉ። እኛም በልጅነታችን በብጣሽ ወረቀት ንጉሥ፣ ዳኛ፣ ፖሊስና ሌባ ብለን ጽፈን፣ ጠቅልለን በትነን፣ ፖሊስ የደረሰው ልጅ የሦስቱን ዓይን እያየ ሌባውን እንዲያወጣ እናደርግ አልነበረምን? ያኔ ፖሊሱ ሌባውን የሚያገኘው ወረቀቱን አይቶ ሳይሆን ልጁን ስለሚያውቀው ነው። አንዱ ሌባ ሲሆን ምራቁን ይውጣል፣ ሌላዋ ሳትጠየቅ መሳቅ ትጀምራለች።

ከተማሪነት ጓደኞቼ አንዱ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ቅኔ ቤት የቆየ ነበር። እርሱ ኢምፖስተር ሲደርሰው ፈጽሞ አይዋሽም ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። አንድ ማታ በመርከቡ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ሁለት ሰው ሞተና ለስብሰባ ስንጠራ «አንተ የት ነበርህ?» አልነው። «መብራቱን ስጠብቅ ነበርሁ» አለ፤ ድምፁ ሳይለወጥ። እኛ ሰሙን ወሰድን፤ መብራቱ እስኪመጣ እንደኛው ቆሞ የጠበቀ መሰለን። ወርቁ ግን መብራቱን ራሱ አጥፍቶ ማንም መጥቶ እንዳያበራው በሩ ላይ ዘብ መቆሙ ነበር። ካሸነፈ በኋላ ሲፈታልን ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሱ ሲናገር ቃሉን ሁለት ጊዜ መስማት ተማርን፤ እርሱም መሰማቱን ስላወቀ ይበልጥ ረቀቀ። ይህን በኢንተርኔት ከማላውቀው ሰው ጋር ከየት አገኘዋለሁ? የማላውቀው ሰው እውነቱ ከሐሰቱ አይለይልኝም፤ ስለዚህ ብሸነፍም ባሸንፍም ምንም አይመስለኝም።

እንግዲህ፣ እህቴ፣ ፋሲካ ላይ የገጠማችሁ ይህ ይመስለኛል። ስትለያዩ ተማሪዎች ነበራችሁ፤ አሁን አንዱ ሠራተኛ፣ አንዷ ባለትዳር፣ ሌላው በሌላ ከተማ ነዋሪ ሆኖ ነው የተገናኛችሁት። የወንድምሽ የዛሬ ዝምታ ምን እንደሆነ ገና አታውቂውም፤ ድሮ ሲደበቅ ዝም ይል ነበር፣ ዛሬ ደክሞት ሊሆን ይችላል። ያ ዕውቀት እንደገና እስኪሰበሰብ ሦስት ዙር አይበቃም፤ እኛ ባለፈው ዓመት ስንመለስ እስከ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ዙር ድረስ ቀዝቅዞ ነበር የቆየው። ታገሡት፤ ተስፋ አትቁረጡ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ በ2022 የተጨመረው የድብብቆሽ ዓይነት አለ፤ ፈላጊው ከመጀመሪያው ስለሚታወቅ ክርክር የለበትም፤ አኩኩሉን የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል።

መልስ፤ ከዳንግላ

ከሁለታችሁም በጥቂቱ እለያለሁ፤ የምናገረውም ስለደረሰብኝ ነው። እኛ አምስት ጓደኛሞች ከአራት ዓመት በኋላ ተገናኝተን ይህንኑ ጨዋታ ጀመርን። በመካከሉ ሁለቱ በገንዘብ ብድር ምክንያት የተቀያየሙ እንደነበሩ ሌሎቻችን አናውቅም ነበር። በሁለተኛው ዙር አንደኛው ጣቱን ቀስሮ «አንተ ድሮም ቃልህ አይታመንም» አለው። ጨዋታ አልነበረም። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ያኛው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ጃኬቱን አንሥቶ ሄደ። እስከ ዛሬ አንድ ላይ ልናስቀምጣቸው አልቻልንም።

ወንድማማችነት ሳይጎድል መዋሸት የሚያስቀው ውሸቱ ከመርከቡ እንደማይወጣ ሁሉም ሲያምን ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ስልኮቹን ከማዘጋጀትሽ በፊት በመካከላችሁ ቅሬታ ያለው ሰው እንዳለ በዘዴ ጠይቂ። ካለ መጀመሪያ ቡናውን አፍሉ፣ ተነጋገሩ፤ ጨዋታው ለሌላ ቀን ይቆይ። እንቁጣጣሽ የዓመት በዓል ነው፤ እንዲህ ባለ ነገር እንዳይደፈርስባችሁ።

ከጠያቂዋ፤ ከፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንኳን አደረሳችሁ። የሆነውን ሳልነግራችሁ መቅረት ስላልወደድሁ ተመልሻለሁ።

የዳንግላውን ወንድማችንን ቃል ሰምቼ አስቀድሜ ለእህቴና ለአክስቴ ልጅ ለየብቻ ደወልሁላቸው፤ ባለፈው ዓመት በአንድ ሠርግ ጉዳይ ጥቂት ተቀያይመው እንደነበር አውቅ ነበርና። ሁለቱም አልፏል አሉኝ፤ ለማረጋገጥ ግን በዋዜማው አንድ ላይ ወደ ገበያ ላክኋቸው፤ ዶሮውን ተከራክረው ገዝተው እየሳቁ ተመለሱ።

የበዓሉ ዕለት ማታ ሰባት ሆነን ተቀመጥን። ቨርዥኑን ቀን ላይ አንድ በአንድ አስተካክለነው ስለነበረ ወዲያው ገባን፤ ሚናዎቹን አጥፍተን፣ ስኬልድን መርጠን፣ የዝምታውን ሕግ አውጀን ጀመርን። የደብረ ማርቆሱ ወንድማችን እንዳሉት የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ሰው የክፍሎቹን ስም እንኳ ረስቶ «ያ ሽቦ ያለበት» እያለ ነበር የሚከራከረው። እኔ በልቤ አልሆነም ብዬ ነበር። የለወጠችው እናታችን ናት። ድሮ ከጓዳ ትጣራ የነበረችው አሁን ከጎናችን ቁጭ ብላ ፈንዲሻ ትበላ ነበር፤ ስልኮቹን አታይም፣ ጨዋታውንም አታውቅም። በአምስተኛው ዙር ስብሰባ ላይ ታላቅ ወንድሜ ስለ ንጽሕናው በረጅሙ ሲያስረዳን ዝም ብላ ካየችው በኋላ «እርሱ ነው፤ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው» አለች። እጁ ጆሮው ላይ ነበር። አስወጣነው፤ እርሱው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም እጁን ጭኑ ሥር ደብቆ መከራከር ጀመረ፤ የጎረቤታችን ልጅ እናታችን እንዳታየው ፊቱን በነጠላ ሸፈነ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ማንም ከቦታው አልተነሣም።

ትንሹ ወንድሜ አሁን ደኅና ስልክ አለው። ስምንተኛው ዙር ላይ አድሚን ገብቶ ካርዱን ሲያንሸራትት በአንድ ጊዜ ስላለፈለት የዝምታውን ሕግ ረስቶ «አለፈ!» ብሎ ጮኸ። ማንም አላመነውም። በስድስት ድምፅ አስወጣነው፤ ንጹሕ ነበር።