ያልተጣራ ቅይጥ ቀይ ወይን፦ እንዴት ይከፈት? ከምን ጋር ይጠጣ?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጥቂቱ ብቻ የተመረተ ቀይ ወይን አለኝ፤ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ሲራ ከሚባሉ ሦስት የወይን ፍሬ ዓይነቶች የተቀየጠ ነው። ሳይጣራ እንደታሸገ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ቅዳሜ ምሳ ላይ ለአራት ሰው ልከፍተው አስቤያለሁ። ከስንት ሰዓት በፊት ይከፈት? ከቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ጋርስ ይሄዳል?

ባለቡሽ፦ ወዳጄ፣ ከሁሉ በፊት ሙቀቱን አስተካክል። ቀይ ወይን የሚጥመው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ነው። 27 ዲግሪ በሆነ ክፍል ከቀዳኸው አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ የፍሬው ጠረን ይዋጣል። በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። በረዶ ብቻ ከሆነ በመሃል አየር ስለሚገባ ይዘገያል።

ያልተጣራ ስለሆነ ከዓርብ ጀምሮ ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ አተላው ይውረድ። ስትከፍተው አትነቅንቀው። ከአንገቱ ሥር የስልክ መብራት ይዘህ ወደ ንጹሕ የብርጭቆ ጆግ ሳታቋርጥ ቀስ ብለህ ገልብጥ። ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ወደ አንገቱ ሲጠጋ አቁም፤ የቀረው ይቅር፣ አፍ ላይ አሸዋ ነው።

ሰዓቱን ምላስህ ይወስን። ቀምሰኸው ድድ የሚያደርቅ ከሆነ ጆጉ ውስጥ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይተንፍስ። ያረጀ ወይን ከሆነ ግን ወዲያው ይጠጣ፤ ጠረኑ ቶሎ ይጠፋል።

ቀማሽ፦ ባለቡሽ ያለው ትክክል ነው። እኔ ዓሣውን እቃወማለሁ። ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከዓሣ ስብ ጋር ሲገናኝ አፍ ላይ የከረመ ዓሣ ጣዕም ይተዋል። ቆሮሶውን ለሌላ ቀን አቆየው። ስብ ያለው የበግ ጥብስ ወይም ጥሬ ሥጋ ይሻላል፤ ስቡና ፕሮቲኑ ድድ የሚያደርቀውን ታኒን ያለዝቡታል። ዳጣና ሚጥሚጣ ግን ከገበታው ይነሱ፤ አልኮል ማቃጠላቸውን ያባብሰዋል።

ብርጭቆውን ከሲሶው በላይ አትሙላ። ሳታዞረው አሽትተው፤ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ካለው ቡሹ አበላሽቶታል፣ አየር ቢያገኝም አይድንም። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ በላይ ተገፍቶ ከወጣም ሙቀት ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ የተቀቀለ ማርማላታ ይሸታል።

ሲራው በቁንዶ በርበሬ ሽታው ይታወቃል። ካበርኔው ድድ ላይ ይይዛል፤ ብቻውን ሲሆን ግን የጣዕሙ መሃል ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ያንን ክፍተት የሚሞላው ሜርሎው ነው። ስለዚህ ቅይጡ ጥሩ የሚባለው ጣዕሙ አፍ ውስጥ በመሃል ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስቱን ለይቶ ለማወቅ ምን ይረዳል?

ቀማሽ፦ ባቱ ላይ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ የተባለው ወይን ሦስቱም ዓይነት ለየብቻ ታሽጎ ይገኛል። ከቅዳሜ በፊት ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ቀድተህ ጎን ለጎን ቅመስ። የተረፈውን ቡሹን መልሰህ ፍሪጅ ውስጥ ብታቆመው ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።