«ሁሉ» የተባልነው እነማን ነን? በሞያሌ ድንበር ላይ የተነሣ ክርክር

የሞያሌ ልጅ፦
ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ ውይይት የተጋበዙ ባለሙያ «በሞያሌ በኩል የሚያልፈው ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው» ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቼ አደርሁ። እናቴ ኬንያ ከተዳረችው እኅቷ ዘንድ ውላ ስትመለስ፣ በፌስታል የቋጠረችውን ሁለት ኪሎ ስኳር ኬላ ላይ ፈትታ ስታሳይ፣ ፈታሹም ዳብሶ ሲመልስላት እያየሁ ነው ያደግሁት። ቦረናው፣ ገብራውና ገሪው ከወዲህም ከወዲያም ተጋብቶ በሚኖርበት ከተማ፣ ያቺን ፌስታል ሌሊት በጫካ ከሚሾልክ የጭነት መኪና ጋር በአንድ ስም መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጡረተኛ ፈታሽ፦
ስለ እናትህ ያልኸውን አከብራለሁ፤ በጠረፍ ኬላ ስሠራ እንደ እርሳቸው ያሉ ብዙ እናቶችን አሳልፌአለሁ። ነገር ግን አንድ ባለ ገንዘብ የአንድ መኪና ጭነት ለሴቶች በየፌስታሉ አከፋፍሎ ካሳለፈ በኋላ፣ ከኬላው ወዲህ መጋዘን ውስጥ መልሶ ሲያከማቸው በዓይኔ አይቻለሁ። «ሁሉ» የሚለው ቃል በዝቷል፤ ጉዳቱ ግን አልበዛም አትበለኝ።

የታሪክ መምህር፦
«ሁሉ» የሚለውን በቀላሉ አንለፈው። አፄ ምኒልክና ያኔ ኬንያን ትገዛ የነበረችው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1907 ይህንን ወሰን ሲዋዋሉ፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በማዶ ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ በአቅራቢያቸው ወዳለው የውኃ ጉድጓድም ያለ ክልከላ እንዲደርሱ በውሉ ሰፍሯል። መሻገሩ በሕግ የታወቀ መብት ሆኖ ሳለ፣ ተሻጋሪውን በሙሉ ወንጀለኛ ማለት ውሉን አለማንበብ ነው።

ጡረተኛ ፈታሽ፦
መምህር፣ ውሉን ካነሡ አይቀር እስከ መጨረሻው ያንብቡልን። የተሻገረው ሰው በደረሰበት አገር ባለሥልጣን ሥር እንደሚሆንም እዚያው ተጽፏል፤ የተፈቀደውም ሣርና ውኃ እንጂ ንግድ አይደለም። ለግጦሽ የተሻገረ ሰንጋ ማዶ ተሽጦ ሲቀር፣ አገር ልታገኘው የሚገባ የውጭ ምንዛሪ አብሮ ይቀራል።

የመርካቶ ነጋዴ፦
የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አስሞልቼ፣ ቀረጤን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍዬ ያስገባሁት ጨርቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ፣ ጎረቤቴ «የሞያሌ ነው» እያለ ከእኔ መግዣ ዋጋ በታች ይሸጣል። ስለ ፌስታሉ የምታዝኑትን ያህል ለእኛም እዘኑ።

የሞያሌ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ያ ጨርቅ መርካቶ እስኪደርስ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል፤ በየኬላው ያሳለፈው ማን እንደሆነ የእናቴን ፌስታል ሳይሆን ባለ መኪናውን ጠይቅ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች የመረቁት የጋራ ኬላ፣ መንገደኛውም ሆነ ጭነቱ የሁለቱን አገር ፍተሻ በአንድ ቦታ እንዲጨርስ የታሰበ ነው፤ መልካም ነው፣ ባለ መኪናውን ጠቅሟል። በድርቅ ዓመት ስምንት ከብቱ አልቆ ሁለት የቀረው አርብቶ አደር ግን፣ ሳይሞቱበት የተሻለ ዋጋ ወዳለበት ገበያ ሊነዳቸው ሲነሣ የላኪነት ፈቃድና የባንክ ወረቀት ከየት ያመጣል?

ጡረተኛ ፈታሽ፦
ለእርሱ የጠረፍ ንግድ ፈቃድ አለለት።

የሞያሌ ልጅ፦
ፈቃዱ በእጁ እስኪገባ ከብቶቹ ይጠብቁታል? ባለሙያው «ሁሉ» ባሉት ውስጥ ይህ ሰው አለበት ወይስ የለበትም? እስካሁን ማናችሁም አልመለሳችሁልኝም።