ጥቆማ፦ በቢትኮይን ኤቲኤም ለመጀመሪያ ጊዜ መግዛት (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ጥያቄ፦ ሰላም ወገን። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ 200 ዶላር ካሽ ወደ ቢትኮይን ለመቀየር የትኛው ማሽን ይሻላል? አጠቃቀሙንም የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስሌቱን እወቅ። ነዳጅ ማደያና ሱቅ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩህ ትንሿን የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ዋናው ኮሚሽን ያለው ምንዛሪው ውስጥ ነው። ለሂሳብ እንዲመች ገበያው ላይ አንድ ቢትኮይን 100,000 ዶላር ነው እንበል። ማሽኑ በ118,000 ሂሳብ ከሸጠልህና 3 ዶላር ከቆረጠ፣ በ200 ዶላርህ የምታገኘው 0.00166949 ቢትኮይን ነው። ገበያው ላይ 166.95 ዶላር ያወጣል። 33 ዶላር፣ ማለትም 16.5 በመቶ ሄደ። ስለዚህ ካሽ ከማስገባትህ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለውን ዋጋ ስልክህ ላይ ካለው የገበያ ዋጋ ጋር አስተያየው። ከ10 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው። ከዚያ ካለፈ ሰርዘህ ውጣ፤ ካሽ እስካላስገባህ ድረስ ምንም አይቆረጥብህም።

የባንክ ሂሳብ ካለህ ደግሞ ማሽኑን እርሳው። ካሽ አፕ ወይም ኮይንቤዝ በሚባሉት ቢትኮይን የሚገዛባቸው የስልክ መተግበሪያዎች ላይ ለ200 ዶላር የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ዶላር ነው። ማሽኑ የሚጠቅመው ገቢው በካሽ ለሆነና ባንክ ለማይጠቀም ሰው ነው።

መልስ፦ አጠቃቀሙን እኔ ልጨምር። ዋሌቱን፣ ማለትም ቢትኮይንህን የምትይዝበትን የስልክ መተግበሪያ፣ ቤትህ ሆነህ አዘጋጅ፤ ብሉ ዋሌት ለጀማሪ ይበቃል። የሚሰጥህን 12 ቃላት በወረቀት ጻፍ እንጂ ስክሪንሾት አታንሳ፤ ቃላቱን ያገኘ ሰው ገንዘቡን ወሰደ ማለት ነው። መታወቂያህንም ያዝ፤ በትንሽ መጠን የማይጠይቁ አሉ፣ ከመጀመሪያው ዶላር የሚጠይቁም አሉ።

ማሽኑ ላይ «ግዛ» የሚለውን ነክተህ ስልክ ቁጥርህን ታስገባለህ፣ በቴክስት የመጣውን ኮድ ትጽፋለህ። የጉግል ቮይስ ቁጥር ብዙዎቹ አይቀበሉም። ቀጥሎ «ተቀበል» የሚለውን ከዋሌትህ ከፍተህ ኪውአር ኮዱን ለካሜራው ታሳያለህ። ካላነበበ የስልክህን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርግ፤ ጥቁር ስክሪን ሞድ ካለም አጥፋው፤ የተሰነጠቀ መስታወትም ያስቸግራል። የላይትኒንግ (ፈጣኑ የቢትኮይን መላኪያ መስመር) ኮድ እንዳታሳየው፣ አብዛኞቹ የሚቀበሉት መደበኛውን የቢትኮይን አድሬስ ነው፤ በቢሲ1 (bc1) ወይም በ1 ወይም በ3 ይጀምራል። በ0ኤክስ (0x) የሚጀምረው የኢቴሬም፣ የሌላ ዲጂታል ገንዘብ፣ ነው።

እዚህ ላይ አትቸኩል። ስክሪኑ ላይ የወጣውን አድሬስ የመጀመሪያ አምስትና የመጨረሻ አምስት ፊደላት ከስልክህ ጋር አመሳክር። ከተላከ በኋላ መመለሻ የለውም። ካሹን አንድ በአንድ አስገባ፤ የታጠፈ ወይም የተቀደደ ኖት ይተፋዋል፣ መልስም አይሰጥም። በመጨረሻ «ጨርስ» የሚለውን ሳትነካ እንዳትሄድ። ደረሰኙን ፎቶ አንሳው።

ጥያቄ፦ ወዲያው ካልገባስ?

መልስ፦ አትደንግጥ። አንድ ብሎክ፣ ማለትም ዝውውሮች በአንድነት የሚመዘገቡበት ጥቅል፣ በአማካይ 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ ኔትወርኩ ከተጨናነቀ ወይም ድርጅቱ ዝቅተኛ የኔትወርክ ክፍያ ከመደበ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። አድሬስህን ሜምፑል ዶት ስፔስ በሚባለው የቢትኮይን ዝውውር ማሳያ ድረ ገጽ ላይ ፈልገው። እዚያ ከታየ መንገድ ላይ ነው። ካልታየ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ስልክ ደውልና የደረሰኙን ቁጥር ስጣቸው።

የትኛው ይሻላል ላልከው፣ የድርጅቱ ስም ብቻ አይወስንም፤ ያው ድርጅት ማሽኑ እንዳለበት ቦታ የተለያየ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ኮይን ኤቲኤም ሬዳር በሚባለው የማሽኖች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በዚፕ ኮድህ ፈልግና ክፍያቸውን የጻፉትን አስተያይ። መግዛት ብቻ የሚቻልባቸውና መሸጥም የሚቻልባቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። ኮይንፍሊፕ የተባለው ድርጅት ማሽኖች ላይ ከቢትኮይን ሌላ ዲጂታል ገንዘቦችም አሉ። ስለ ሌላው የማሽን ድርጅት፣ ስለ አቴና ቢትኮይን፣ ግን ይህን አንብብ፦ የዲሲ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ በሴፕቴምበር 2025 ድርጅቱን ከሷል፤ በክሱ ላይ እንደቀረበው እስከ 26 በመቶ የሚደርስ ክፍያ በግልጽ ሳያሳውቅ ይቆርጥ ነበር። ካሊፎርኒያ ያለ ዘመድ ካለህ እዚያ ሕጉ ገደብ አስቀምጧል፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ክፍያው ከ5 ዶላር ወይም ከ15 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው፣ ማለፍ አይችልም፤ በቀን ጣሪያው 1,000 ዶላር ነው።

መልስ፦ ይህን ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ንገሩልኝ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዳወጣው በ2023 በእነዚህ ማሽኖች በኩል ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ በማጭበርበር ተወስዷል፤ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ከወጣቶቹ ሦስት እጥፍ በላይ ተጋላጭ ናቸው። «ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው»፣ «ከባንክህ ነው» ብሎ ደውሎ ኪውአር ኮድ የሚልክ ሁሉ ሌባ ነው። የትኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቢትኮይን ማሽን ክፈሉ አይልም። የራስህ ዋሌት ካልሆነ ስካን አታድርግ። አስገብታችሁ ከሆነም ደረሰኙን ይዛችሁ በዚያው ደቂቃ ለድርጅቱ ደውሉ፤ ገና ካልላኩት ሊያግዱት ይችላሉ። ከዚያ ፖሊስ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦች ለመላክስ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። ተቀባዩ ወደ ብር ለመቀየር የማያውቀውን ሰው ማመን አለበት፤ ከተካደ የት ሄዶ ይከሳል? ማሽኑ የቆረጠው 16 በመቶ ሳይቆጠር ነው። በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የሐዋላ ድርጅት ላክ።