ጁገል ውስጥ ያለ የአያቴን ቤት በአዳር ማከራየት፣ ፈቃድ ያወጣ ሰው አለ?

የጁገል ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሐረር ጁገል ውስጥ ከአያታችን የወረስነው የሐረሪ ቤት አለ፣ እኔና ወንድሜ ነን ባለቤቶቹ፣ ነደባው፣ ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ፣ እንዳለ ነው ግድግዳውም በአያቴ ስፌት እንደተሞላ ነው። ሁለት ክፍል በአዳር ለቱሪስት እያከራየን ቁርስ እያቀረብን ሁለት ዓመት ሆነን፣ በዛች ብር ነው ጣራ የምናስጠግነው የእናቴንም መድኃኒት የምንገዛው። ባለፈው ሰዎች መጥተው ያለ ንግድ ፈቃድ ነው የምትሰሩት ደግሞም እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሻወርና ሽንት ቤት ይኑረው፣ በ15 ቀን አስተካክሉ አሉን። እሺ ብለን ግንበኛ ስንጠራ ሌላ ቢሮ ደግሞ ቅርስ ነው አንድ ድንጋይ እንዳትነኩ አለን። ወላሂ ግራ ገብቶኛል የቱን ልስማ? ሁለት ክፍል ያለውን ሰው አርባ ክፍል ባለው ሆቴል መለኪያ መለካት ልክ ነው ወይ?

በድሪ በር፦
እህቴ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ፣ መጀመሪያ ግንበኛውን አስቁሚው። ጁገል በ1998 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ግንቡና በሮቹ ብቻ አይደሉም የቤቶቹ የውስጥ አሠራርም ነው የተቆጠረው፣ ስለዚህ ድንጋይ አትንኩ ያሉሽ ሰዎች እውነታቸውን ነው። እኔ ሻወሩን ከቤቱ አውጥቼ ግቢ ውስጥ ድሮ ማድቤት የነበረበት ጥግ ላይ ነው የሰራሁት። ንድፉን አስቀድሜ ለቅርስ ቢሮው አስገባሁ፣ ማህተም ያለው ደብዳቤ ተቀበልኩ፣ እሱን ይዤ ወደ ንግድ ፈቃድ ሄድኩ። ተራውን ገልብጠሽ ከሄድሽ ሁለቱ ቢሮ መሃል ስትመላለሺ ዓመት ያልፋል። የቃል እሺታ አትቀበዪ። ጎረቤቴ ኪርታቱን፣ ሙሽሮች የሚገቡባትን ትንሿን ክፍል ማለቴ ነው፣ ሴራሚክ አንጥፎ ሻወር አደረጋት፣ አሁን እርጥበቱ በጭቃው ግድግዳ እየወጣ የነደባው ቀይ ቀለም በእጅ ሲነካ ይረግፋል፣ ሳየው ያመኛል።

ከዚራ፦
አቦ እኔ ድሬ ነኝ፣ ስለ ግብሩ ልጨምር። በገቢ ግብር አዋጁ 979/2008 የቤት ኪራይ ገቢ ግብር የሚከፈለው በሠንጠረዥ ለ ነው፣ የንግድ ገቢ ደግሞ በሠንጠረዥ ሐ። አንቺ አንሶላ እየቀየርሽ ቁርስ እያቀረብሽ በአዳር ስለምታስከፍዪ ንግድ ነው የሚሉሽ፣ ስለዚህ የጣራውንም የአንሶላውንም የወጪ ደረሰኝ አስቀምጪ። ሰው በወር አከራዪው ተገላገዪ ሊልሽ ይችላል፣ ግን በኪራይ አዋጁ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት አያንስም ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። ተከራይን ስለሚጠብቅ አልጠላውም፣ ተከራይቼ ኖሬ አውቀዋለሁ። ግን ክፍሎቹ ለሁለት ዓመት ከተያዙ በሐረሪዎች በዓል በሸዋል ኢድ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶችሽ የት ሊያድሩ ነው?

ፔንሲዮን ያለኝ፦
እውነት እንነጋገር። እኔ ስምንት ክፍል አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፣ የእንግዳውን ፓስፖርት ሳልመዘግብ ቁልፍ አልሰጥም። አንድ ሌሊት እንግዳ ታሞብኝ ሐኪም ቤት ስወስደው ስሙን ከመዝገቡ ላይ ባላገኝ ምን እል ነበር? አንቺም ዛሬውኑ መዝገብ ጀምሪ ፈቃዱን ሳትጠብቂ። የሻወሩ ነገር ግን እኔም አልገባኝም፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለሁለት ክፍል አንድ ሻወርና አንድ ሮቶ ይበቃል፣ ይሄንን በጽሑፍ ጠይቂያቸው።

የጁገል ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ግንበኛውን አስቁሜያለሁ፣ መዝገቡንም ዛሬ ገዛሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ወንድሜ ድሬ ነው ያለው ለፈቃዱ እሱም መምጣት አለበት?

በድሪ በር፦
የግድ አይደለም፣ እዛው ድሬ ውክልና ይስጥሽ። የወራሽነት ማስረጃውን ኦርጅናልና ኮፒ ያዢ። ሰኞ ጠዋት ከሆነ እኔም እመጣለሁ፣ ንድፌን ላሳይሽ።