ሺሻው ይቃጠላል፣ ጫቱ ይላካል፣ ቢራው ይደገማል

የሰባራ ባቡር ልጅ፦
ትናንት ማታ ዜና ላይ ደግሞ ሺሻ ሲቃጠል አሳዩን። ያው የምናውቀው ነው። እቃው ይከመራል፣ ቤንዚን ይርከፈከፍበታል፣ ልጆቹ ጃኬታቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ይደረደራሉ። ጋዜጠኛው «ትውልድ ገዳይ» ብሎ ዘጋ። ይሁን። ሺሻ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ በ2011 የወጣው አዋጅ 1112 ከልክሎታል። ሰፈሩን ግን አውቀዋለሁ። ካሜራው ትንሽ ወደ ግራ ቢዞር ጫት ቤቱ ይታይ ነበር። ከጫት ቤቱ ጎን ግሮሰሪ አለ። ልጁ እዚያ ቤት የገባው ጫቱን ተቀምጦ ሊቅም ነው፤ ሺሻው ማጀቢያ ነው። ማጀቢያውን አቃጥለህ ዋናውን ስትተው ማንን ነው የምታታልለው?

በለጬ፦
ወንድም፣ ጫቱን ለቀቅ። ሺሻና ጫትን አንድ ላይ አትጨፍልቅ። ጫት ቢያንስ ዶላር ያስገባል። ሺሻ ምን ያስገባል? የሐረርጌ ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው በጫት ነው። አወዳይ ሄደህ እይ። በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ፣ በጅጅጋ በኩል ሀርጌሳ፣ መኪናው እንደ አምቡላንስ ነው የሚበረው። ካደረ ዋጋ የለውማ።

ማሚላ፦
«ቢያንስ ዶላር ያስገባል።» ይቺን በፍሬም አሰርቼ ሳሎን ልሰቅላት ነው። ሲጋራስ አላስገባም? ብሔራዊ ትምባሆ በ2008 40 በመቶው ለጃፓኑ ኩባንያ ሲሸጥ 510 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበታል። በ2010 ደግሞ ተጨማሪ ድርሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር። ታዲያ ኒያላ ለኩሼ ሚኒባስ ውስጥ ልቀመጥ? ዶላር አስገብቷል እኮ!

በለጬ፦
እሱ የአንድ ጊዜ ሽያጭ ነው። ከዚያ በኋላ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ አንቺም ታውቂያለሽ። የጫቱ ግን ገበሬው ኪስ ነው የሚገባው። እሱን መልሺልኝ።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦
ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ነው ጫት የተከለው። የሐረር ቡና ዶላር አያስገባም ነበር?

በለጬ፦
የነቀለው ቡናው ስላላበላው ነው። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው። ጫት ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግመህ ትቆርጠዋለህ። አንተ አዲስ አበባ ማኪያቶህን ይዘህ ለገበሬው «ቡና ትከል» ብሎ መምከር ቀላል ነው።

ጋሽ ፒያሳ፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም የረሳችሁት አለ። ዶላር የሚያስገባው ሀርጌሳ የሚቃመው ጫት ነው። በለጬ እዚህ ቁጭ ብሎ የሚቅመው አንድ ሳንቲም አያስገባም። እንዲያውም ቢተወው ይላክ ነበር።

ማሚላ፦
ጋሼ ጨረሱት! በለጬ ለአገሩ ሲል የሚላከውን ዶላር እያኘከ ነው።

በለጬ፦
እኔ ገበሬውን ነው የምደግፈው። ለላኪውም ለአገር ውስጡም የሚሸጠው ያው ገበሬ ነው።

ማሚላ፦
በአገር ፍቅር ነው በለኛ የምትቅመው። ምርቃናውም ልማታዊ ነው።

ዲያቆኑ፦
ሳቁ ቆንጆ ነው፤ ግን ስለ ትውልድ ነው የምናወራው። ይህ ሁሉ ጉድ በዚህ አገር ነውር ነበር። አፄ ዮሐንስ ትምባሆ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይነገራል። ጭካኔውን ደግፌ አይደለም። ግን አባቶቻችን ይህን ነገር ምን ያህል ይጠየፉት እንደነበር ያሳያል። ዛሬ ክርስቲያን ነኝ የሚል ልጅ አንገቱ ላይ ማተብ አስሮ በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቅም ይውላል።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦
ዲያቆን፣ አፍንጫ የሚቆረጠው በዛሬው ቁጥር ቢሆን ማን ይቀር ነበር? ደግሞ ሰንበቴው ላይ የሚጠጣው ጠላ ምን ሊባል ነው? በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠጥ ቀምሰው የሚያውቁ ወንዶች 46 በመቶ ናቸው። ጫት ቅመው የሚያውቁ ወንዶች 27 በመቶ፣ ሴቶች 12 በመቶ። ትምባሆ የሚጠቀመው ደግሞ በዚያው ሰሞን በተደረገ ሌላ ጥናት ከአዋቂው 5 በመቶ ገደማ ነው። ካሜራ የሚወጣው ግን ለትንሿ ቁጥር ነው።

ዲያቆኑ፦
የሰንበቴ ጠላ ከሺሻ ጋር አይነጻጸርም። ጠላው ማኅበር ነው፣ ዝክር ነው። ተጠጥቶ ወደ ቤት ነው የሚኬደው።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦
ሁሉም ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው ዲያቆን። ጥያቄው እንዴት እንደሚሄድ ነው።

ቦሌ ማታ ማታ፦
እናንተ ስለ ዶላር ታወራላችሁ። እኔ አስተናጋጅ ነኝ። አዋጁ ቤት ውስጥ አይጨስም ይላል። ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ይራቅ ይላል። የምሠራበት ቤት በረንዳው ራሱ መስኮት ሥር ነው። 10 ሜትር ብንለካ አስፋልቱ መሀል ነው የምንደርሰው። ደንበኛው ይለኩሳል፣ ጭሱ እኔ ላይ ያድራል። አንዱን «ወንድሜ፣ ውጪ ብታጨስ» ብዬው ጉርሻዬን ይዞ ሄደ። ባለቤቱ ደግሞ «ደንበኛ አታስቀይሚ» አለኝ። ሺሻ ሲያቃጥሉ ጎበዞች ናቸው፤ እኛ ጋ ግን አንድም ቀን መጥቶ «ማነው የሚያጨሰው?» ያለ የለም።

ጋሽ ፒያሳ፦
ልጄ፣ እውነትሽን ነው። እኔም ለዘመናት አጭሻለሁ፤ ግን ሰው ፊት ላይ አላጨስም። አንድ ነገር ልናገርና ትሰድቡኛላችሁ። አሁን አሁን የሚያስደነግጠኝ ሴት ልጅ በጠራራ ፀሐይ ሲጋራ ይዛ ማየት ነው። ባህላችን አይደለም።

ማሚላ፦
አልሰድብዎትም ጋሼ። ግን አያቴ ገጠር ጋያ፣ ያን የትምባሆ ማጨሻ፣ ታጨስ ነበር። ፍሙን የምናቀብላት እኛ የልጅ ልጆቿ ነን። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» እያለ ይስማት ነበር። ከተማ ላይ ሲደርስ ነው እንዴ ባህል የሚጠፋው? ወንድሜ ሲያጨስ «ጭንቀት ይዞት ነው» ይባላል። እኔ ሳጨስ ሠርጌ ይሰረዛል።

ጋሽ ፒያሳ፦
አያትሽና አንቺ አንድ አይደላችሁም።

ማሚላ፦
ልዩነታችን የኔው በፓኮ መሆኑ ነው። እንዲያውም በ2012 በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ በፓኮ 8 ብር፣ በላዩ ደግሞ 30 በመቶ ተጥሎብኛል። አያቴ ለመንግሥት አንድ ሳንቲም አልከፈለችም። እኔ ነኝ ልማታዊዋ።

በለጬ፦
እንግዲህ ማን ነበር በገቢ መከራከር የሚስቅብኝ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለናንተ። ከሩቅ ሆኜ እያነበብኩ ሳቅኩ። እኔ ያለሁበት ሜሪላንድ ከፈረንጆቹ 2023 ሐምሌ ጀምሮ ጋንጃ በሱቅ ይሸጣል። ዕድሜህ 21 ከሆነ መታወቂያህን አሳይተህ ትገዛለህ። ደረሰኝ አለው፣ ግብር አለው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ሕዝቡ በፈረንጆቹ 2014 ድምፅ ሰጥቶበት በቀጣዩ ዓመት ቤት ውስጥ መትከል ተፈቀደ። ጫት ይዤ ብያዝ ግን ጉዴ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚህ ከከባዶቹ ዕፆች መደብ ነው። በለጬ የሚያከብረው ቅጠል እዚህ ያሳስራል፤ እናንተ ሰይጣን የምትሉት እዚህ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ፈቅዳችሁ ግብር ብትሰበስቡ አይሻልም? ሻሸመኔ ያሉት ራስታዎችም ያርፉ ነበር።

ዲያቆኑ፦
ጃንሆይ 5 ጋሻ መሬት ሲሰጧቸው ጋንጃ ዝሩበት አላሉም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጫት ዝሩበትም አላሉም።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦
ዲያስፖራው፣ አንተ ደረሰኝ ይዘህ ታጨሳለህ። እዚህ ዕፅን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አለ። አንተ የምትመክረውን የሰማ ልጅ ነው ማረሚያ ቤት የሚገባው። ከዚያ አንተ «ፍትሕ!» ብለህ ትለጥፋለህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አጭስ አላልኩም። ሕጉ ይታይ ነው ያልኩት።

ነርሷ፦
ሕጉ ከመታየቱ በፊት ተኝታችሁ ታውቃላችሁ ወይ? ማታ ተረኛ ስሆን የሚመጡትን አያለሁ። ከሰዓት ይቅማል። ሲመሽ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ከዚያ ጨብሲ ይላል፤ ምርቃናውን በአረቄ ይሰብራል። ጠዋት ሃራራ ይነሳበትና ኢጃበና፣ የጠዋቱን ጫት፣ ይጀምራል። በዚህ መሀል ፓኮው አልቋል። አንዱን ከአንዱ ለይታችሁ የምትከራከሩት እናንተ ናችሁ፤ እሱ አልለየውም። በዚያ ላይ ቅጠሉ የተረጨበትን ፀረ ተባይ ሳያጥብ ነው የሚበላው። በለጬ፣ ታጥባለህ?

በለጬ፦
ጫት ይታጠባል እንዴ? ጣዕሙ ይሄዳል።

ነርሷ፦
በቃ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።

በለጬ፦
አያቶቻችን ሐረር ላይ ቅመው፣ ዱዓ አድርገው፣ ሰማንያ ዓመት ኖረዋል። ችግሩ ቅጠሉ አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ በባዶ ሆድ፣ ጠዋትም ማታም፣ ከጂን ጋር ስለሚደባልቀው ነው። ሐረር ላይ ጨብሲ የሚባል ነገር አልነበረም።

ዲያቆኑ፦
በዚህ እንኳ ትክክል ነህ። ዱዓውን ትተውት ቅጠሉን ብቻ ያዙት።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦
ዲያቆንና በለጬ ተስማሙ! ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ በለጬ ጫት ቤት ይኖረው ይሆን?

በለጬ፦
ስድብ ውስጥ አትግባ። ጫት ቤት ቢኖረኝ እዚህ ጊዜዬን አላጠፋም ነበር። ያንተ ጥያቄ ሺሻው ለምን ይቃጠላል አልነበር? ስለሚያጨስና ዶላር ስለማያስገባ ነው። አለቀ።

ማሚላ፦
ይኸው ተመለሰባት! እንግሊዝ በፈረንጆቹ 2014 ጫትን ስትከለክል ያ ዶላርህ የት ገባ? ነገ ጅቡቲ ብትዘጋውስ? ያኔ ጫት ትውልድ ገዳይ ሊሆን ነው? ገዳይነቱ በገበያው ነው የሚወሰነው?

በለጬ፦
ጅቡቲ አትዘጋም። መንግሥት ይወድቅባታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ዶላር ካነሳችሁ አይቀር፣ ታናሽ ወንድሜ በየወሩ ይደውልልኛል። «ለኮርስ መክፈያ» ይላል፣ እልካለሁ። እናቴን ስጠይቃት «ኮርሱ ሰፈራችን ያለው ጫት ቤት ነው» አለችኝ።

በለጬ፦
ስለዚህ ጫት ዶላር አስገባ ማለት ነው።

ማሚላ፦
ኧረ አንድ ሰው ስልኩን ይቀማው!

ጋሽ ፒያሳ፦
እኔ የምለው፣ የዲያቆኑ ሰንበቴ ጠላ መልስ አላገኘም።

ዲያቆኑ፦
መልሻለሁ ጋሼ። ዝክር ነው ብያለሁ።

ቦሌ ማታ ማታ፦
ዝክሩ ላይ ሲጋራ ይጨሳል ወይስ 10 ሜትር ርቀው ነው?