ሲክል ሴል ስላለባት ልጅ ፊልም እየጻፍኩ ነው፤ የምታውቁ እርዱኝ

ጠያቂዋ (አራት ኪሎ)፦
ሰላም ወገኖች። የሃያ ደቂቃ ድራማ ስክሪፕት ይዣለሁ። ባለታሪኳ ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን አራት ኪሎ አክስቷ ጋ እየኖረች ፒያሳ ሱቅ የምትሠራ ልጅ ናት። ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚወረስ የደም ሕመም አለባት፤ ለአሠሪዋ ግን አልነገረችም። ሐምሌ ላይ ታክሲ አጥታ፣ ዝናብ እየደበደባት ከራስ መኰንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስትሮጥ ሕመሙ ይነሳባታል። አክስቷ ጠበል ትወስዳታለች፣ ከዚያ ሆስፒታል ትገባለች፣ ወንድሟ ደም ይሰጣታል፣ መጨረሻ ላይ ትሞታለች።
ሕመሙ ሲነሳ ተዋናይቷ ምን ታድርግ? ሜካፑስ? የጠበሉ ትዕይንት ሰው ያስቀይም ይሆን? ሆስፒታሉንስ የት ልቅረጽ? የሕመሙን ሰዎች የሚያሳዝን ውሸት መሥራት አልፈልግም።

ነርሷ፦
እህቴ፣ የሽቅቡ ሐሳብ በጣም ጥሩ ነው። በዚህ ሕመም ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅኑን ሲለቅ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ይደርቅና ጠባብ የደም ሥር ውስጥ ተቀርቅሮ መንገድ ይዘጋል። ውጋቱ የሚመጣው ደም ካጣው አጥንት ነው፤ ወገብ፣ ደረት፣ ጭን፣ ክንድ። ብርድ፣ የውኃ ጥም፣ ድካምና ኢንፌክሽን ያስነሱታል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ። ኦክስጅኑ የሳሳበት ከተማ፣ የሐምሌ ብርድና ሩጫ አንድ ላይ ሲመጡባት ተመልካቹ ምክንያቱን ሳይነገረው ይረዳል።
ሆስፒታል ስትደርስ ግሉኮስ ይሰቀልላታል፣ ሞርፊን ይሰጣታል፣ በብርድ ልብስ ትሸፈናለች። ብዙ ፊልም ላይ የማየው በረዶ መያዝ ወይም በቀዝቃዛ ፎጣ መጠቅለል እዚህ እንዳይገባ፤ ብርዱ ያባብስባታል። ትኩሳቷ 38.5 ከደረሰ ደግሞ ማንም ነርስ ተረጋግታ አትቆምም። ስፕሊኗ (ጣፊያዋ) ገና በልጅነት ስለሚጎዳ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ቴርሞሜትሩን በቅርብ ሾት አሳዪው።

ከሕመሙ ጋር የምኖር፦
ስክሪፕትሽን ሳነብ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ለምን ትገድያታለሽ?» ብዬ ነው። ሰው በዚህ ሕመም ይሞታል፣ አልክድም። ግን እኛን የሚያሳይ ታሪክ ሁሉ አልጋ ላይ ተጀምሮ መቃብር ላይ ካለቀ፣ ፍቅረኛም ቀጣሪም ሲያየን የሚታየው ያ ብቻ ይሆናል። እኔ እሠራለሁ፣ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ የእህቴ ሰርግ ላይ ጨፍሬያለሁ። በማግስቱ መነሳት አቅቶኛል፤ እሱም አለ።
ስለ ትወናው፦ አትጩህ። ከልጅነቱ ጀምሮ የታመመ ሰው ሲብስበት ዝም ይላል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስልኬን እነካካለሁ፣ ሐሳቤን ከአጥንቴ ለማራቅ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ይህን አይተው «ይህ ታሟል እንዴ? መርፌውን ለምዶት ነው» ብለው ሕመም ማስታገሻ ሳይሰጡኝ አድሬያለሁ። ሕመሙ ቁስል የለው፣ ደም አይታይበት። እውነተኛው ድራማ እዚያ ነው፤ ታማሚዋ ታውቃለች፣ አጠገቧ ያለው አያምናትም። ከሩጫው ይልቅ ለዚህ ደቂቃ ስጪው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ሁለት ማስተካከያ። ደም መለገስ አያድናትም። የጤነኛ ሰው ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፣ የእሷ ግን ከ10 እስከ 20 ቀን። የተለገሰው ደም ጊዜ ይገዛላታል፣ ደሙን የሚሠራው መቅኒ ግን ያው የእሷ ነው። የሚስማማ መቅኒ ካለው ወንድም የሚደረግ ንቅለ ተከላ ሊያድን ይችላል፤ እሱ ሌላ ፊልም ነው።
ሁለተኛ፣ አክስቷ «ከእናቷ ወረሰችው» የምትል ከሆነ አርሚው። ከእናትም ከአባትም ካልመጣ እንዲህ አይሆንም። ሁለቱም የሲክል ሴል ተሸካሚ (ራሳቸው ሳይታመሙ ለልጅ ሊያወርሱት የሚችሉ) ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ታማሚ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ «አንዷ ታመመች፣ የቀሩት ሦስቱ ተረፉ» ማለት አይደለም። ተሸካሚነት ልጆችን ከከባድ ወባ ስለሚከላከል ወባ በበዛበት ቆላ ቆየ፤ ስለዚህ ጋምቤላን መምረጥሽ ያስኬዳል። ሕመሙ የሚለይበት የደም ምርመራ ሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ ይባላል፣ ከደም ዓይነት ምርመራ የተለየ ነው።

የልጁ እናት፦
ልጄ፣ የጠበሉን ትዕይንት አታውጪው። እኛም ይህ ሕመም ያለበትን ወንድ ልጄን ይዘን ሄደናል፣ አሁንም እንሄዳለን። ግን በሌሊት ቀዝቃዛ ጠበል ውስጥ መነከር ሕመሙን ያስነሳበታል፤ ካህኑን አስረድተናቸው ይጠጣል፣ ትንሽ ይረጩታል። መድኃኒቱንም አያቋርጥም። አክስቲቱን ክፉና ደንቆሮ አድርገሽ አትሣያት፤ የምትወዳትን ልጅ የምታድንበትን ስትፈልግ ነው የወሰደቻት።
ጾምንም አስቢበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ለነዚህ ልጆች ከባድ ነው። የልጄ የንስሐ አባት ውኃ እንዲጠጣ ፈቅደውለታል። ልጅቷ ፈቃድ ለመጠየቅ አፍራ ደብቃ ብትጾምስ? እንዲህ የሚያደርጉ ልጆች አሉ።
ወደ ኋላ የሚመለስ ትዕይንት ካለሽ፣ ሕፃን ሳለች እጇና እግሯ ሲያብጥ አሳዪ። እኛ ቤት መጀመሪያ ያየነው እሱን ነው፤ ጎረቤት «ወድቆ ነው» ይለን ነበር።

ካሜራማን፦
ስለ ቦታው፦ እውነተኛ ዋርድ ውስጥ አትቅረጹ፣ ፈቃድ ብታገኙም። የተኙት ሰዎች መታየት አልፈለጉም። ግል ክሊኒክ እሑድ ባዶ ክፍል ያከራያል፤ አልጋ፣ የግሉኮስ ማቆሚያ፣ ነጭ መጋረጃ ይበቃል። የመንገዱን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ ፒያሳ አካባቢ ካሜራ ሲያዩ ይጠይቃሉ። የዝናቡን ድምፅ ለብቻው ቅዱ።
ሜካፕ፦ ፊቷ ላይ ነጭ ፓውደር አትቀቡ። በእኛ ቆዳ የደም ማነስ የሚታየው የዓይን ሽፋን ሲገለበጥና መዳፍ ላይ ነው። የዓይኗ ነጩ ክፍል ቢጫ የሚልበትን በኤዲቲንግ ቀለም ብትሠሩት ይሻላል፣ የተዋናይቷን ዓይን አትንኩ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የወንድሟን ደም ልገሳ አላወጣውም፣ ግን አያድናትም። አትሞትም። የድብቅ ጾሙን አስገባለሁ፣ እማማ ከፈቀዱልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለውን የሲክል ሴል መድኃኒት ትወስዳለች ብል ያስኬዳል?

ነርሷ፦
ያስኬዳል። በአሜሪካ ለአዋቂ ሕመምተኞች የተፈቀደው 1998 ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ነው፤ ውጋቱ የሚነሳበትን ጊዜ ያራርቃል እንጂ በተነሳ ሰዓት አያስታግስም። ስለዚህ በሕመሟ መሐል ሲሰጧት እንዳይታይ። ጠዋት ሱቅ ከመሄዷ በፊት በውኃ ትዋጠው። ደሟ በየጊዜው መመርመር ስላለበት አሠሪዋ «ዛሬም ፈቃድ?» የሚልበት ምክንያትም ይኖርሻል።

ከሕመሙ ጋር የምኖር፦
የአሠሪው ትዕይንት ሲጻፍ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።